«አክስቴ ታመዋል» ብለሽ አትሂጂ

«እትዬ፣ ቢስቁብኝም ይመልሱልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። 47 ዓመቴ ነው። መምህርት ነኝ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በልጅነቴ እንደ ነፍሴ የምወደው ባንድ ከተበተነ 24 ዓመቱ ነው። አሁን ተሰባስበው አዲስ አበባ ኮንሰርት ሊያቀርቡ ነው። ትኬቱን ከእቁቤ ብር ገዝቻለሁ። ማታ እንቅልፍ የለኝም። ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ በልቤ ዘፈኑን ስዘፍን ራሴን አገኘዋለሁ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን ሲያይ ‹እነዚህ ሽማግሌዎች ደግሞ አሁን ምን ሊሆኑ ነው?› አለ። አፌ ተያዘ። አዲስ አበባ አክስት አሉኝ። ‹አክስቴ ታመዋል፣ ልጠይቃቸው› ብዬ ልሂድ? ደግሞ እፈራለሁ። ዘፋኞቹ አርጅተዋል፤ ድራመሩም አርፏል። ሄጄ ባዝንስ? ተማሪዎቼ ቲክቶክ ላይ ቢያዩኝስ? ኮንሰርቱ ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሑድ ደግሞ የሰንበቴ ተረኛ ነኝ። ምን ላድርግ?»

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ አልሳቅኩብሽም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ መልሱን ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ሂጂ። ትኬቱ ተገዝቷል፣ ሐሳብሽም ከሄደ ሰንብቷል። የቀረው እግርሽ ብቻ ነው። ግን በአክስትሽ በሽታ አሳበሽ አትሂጂ። ዛሬ ይህን ያህል ልጽፍልሽ የተነሳሁት በዋናነት ስለዚህ ነው።

የባንዱን ስም እንዳላወጣ ለምነሽኛል፣ ጎረቤት ያውቀኛል ብለሽ። አላወጣም። ከደብዳቤሽ ቆርጬ ያስቀረሁትን አንድ ነገር ግን ለአንባቢ ሳልነግር አላልፍም። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና።

ያደግሽው መሐል ሜዳ ነው። በ1985 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ ታላቅ ወንድምሽ ከአዲስ አበባ አንድ ካሴት ይዞልሽ መጣ። ቤታችሁ መብራት አልነበረም። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፣ ስድስት ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ይጎተታል። ያየው ሰው ያውቀዋል፤ ያ ቆንጆ ድምፅ እንደ ታመመ በሬ ማቃሰት ይጀምራል። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥተሽ ጠዋት ፀሐይ ላይ ታሰጫቸው ነበር፣ እንደ ብቅል። ሞቅ ሲላቸው ሁለት ዘፈን ያህል ያዘፍኑልሻል። ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱን የምትመልሽው በቢክ እስክሪብቶ ነበር። ካሴቱን እስክሪብቶው ላይ ሰክተሽ፣ ጥርሱ እየተንጣጣ፣ እጅሽ እስኪዝል ታዞሪዋለሽ። ማታ ደግሞ እናትሽ እንዳይሰሙ ዝተት ተከናንበሽ፣ ቴፑን ሆድሽ ላይ አስቀምጠሽ ታዳምጫለሽ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። መንዝ ዘመድ ጋ ስንሄድ የሚያለብሱንን ዝተት አውቀዋለሁ። ክብደቱ ራሱ ሰው ያቀፈሽ ያህል ነው፤ ከሥሩ ድምፅ አይወጣም። «እስካሁን ያን ቤዝ ጊታር የምሰማው በሆዴ ነው» ብለሻል። ይህን ይዤ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ።

እስቲ ንገሪኝ። ለሁለት ዘፈን ብላ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣች ልጅ ዛሬ እንቅልፍ ብታጣ ምኑ ይገርማል? ዕድሜዬ አይፈቅድም ብለሽ ትሸማቀቂያለሽ። ዕድሜሽ ነው እንጂ የፈቀደው! የ20 ዓመት ልጅ ይህን ባንድ ሊያይ ቢሄድ ጥሩ ዘፈን ሰምቶ ይመለሳል። አንቺ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽው የኖርሽውን ልትሰሚ ነው የምትሄጂው። በዚህ አትፈሪ፣ አትደብቂው።

ወደ አክስትሽ ልመለስ።

እኔ ያልሽውን አድርጌዋለሁ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ነው። በወጣትነቴ የምወዳቸው ሙዚቀኞች ለአንድ ምሽት አብረው ሊጫወቱ ሆነ። ባለቤቴን «ለቅሶ ልደርስ ነው፣ አመሻለሁ» አልኩት። ጥቁር ለብሼ ወጣሁ። ጓደኛዬ ቤት ገብቼ ቀየርኩ። ማታው እንዴት ደስ ይል እንደነበር! ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሳክስፎኑ ሲገባ አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት እጄን ያዘችኝ። እኔም ያዝኳት። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተላቀቅንም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እራት ሳይበላ ጠብቆኛል። «አይዞሽ፣ ደክሞሻል» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ። በማግስቱ ዕቃ እያጠብኩ ሳላስበው ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከሳሎን «ምን አልሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ውኃውን ከፈትኩና ዝም አልኩ።

ያን ዘፈን እሱም ይወደው ነበር። የተጋባን ሰሞን በሬዲዮ ሲመጣ ተነስቶ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነበር። ልነግረው ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ማታውን ከነገርኩት ለቅሶውንም ልነግረው ነው። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ያችን ማታ ሳልነግረው ቀረሁ።

ውሸት ኃጢአት ነው ልልሽ አይደለም፤ ለዚያ የንስሐ አባት አለሽ። እኔ የምልሽ ደስታ ወሬ ይፈልጋል ነው። ከኮንሰርት የተመለሰ ሰው ሦስት ቀን ማውራት አለበት። መጀመሪያ የቱን ተጫወቱ፣ ማን ምን ለብሶ ወጣ፣ ሰዉ የትኛው ላይ አበደ፣ አንቺ የትኛው ላይ አለቀስሽ። የኮንሰርቱ ግማሽ ይህ ነው። አክስትሽን ካሳመምሽ ይህን ግማሽ ደጅ ጥለሽው ነው የምትገቢው። ደግሞ ባለቤትሽ እንዳልሽው ደግ ከሆነ ሰኞ ስልክ አንስቶ «እትዬ፣ ተሻለዎት?» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ንገሪው። «ሽማግሌዎች» ማለቱን ቂም አትያዥበት። እሱ ያየው ማስታወቂያውን ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ድንጋይ አያውቅም። ለእኔ የጻፍሽልኝን ለእሱ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽን ሳነብ አልነገርሽውም ብዬ ጠረጠርኩ። በትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ይቀራል። የልጅ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ እድር፣ ደመወዝ ስንል መሐል ሜዳ ሳይነሳ 20 ዓመት ይሞላል።

ቡና አፍይ። አቦሉ ላይ አትጀምሪ፣ ሰው ገና ሐሳቡ አልተሰበሰበም። ቶና ላይ ስልክሽን አውጪና ያን ዘፈን ክፈቺው። ይስማው። ከዚያ ስለ ወንድምሽ፣ ስለ ዝተቱ፣ ስለ ድንጋዩ ንገሪው። ከዚያ በኋላ «ትኬት ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ» በይው። ከእቁብሽ ብር መሆኑንም ጨምሪ፤ የገንዘብ ነገር ኋላ ሲሰማ ሌላ ይመስላል። አብሮሽ እንዲሄድ ከልብሽ ከፈለግሽ ጠይቂው። ለይሉኝታ ብለሽ ግን አትጠይቂው። ሳይወድ የሄደ ሰው በየ10 ደቂቃው ሰዓቱን ያያል፣ አንቺም የእሱን ፊት ስታዪ መድረኩ ያልፍሻል። ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ቢሸኝሽ ይበቃል። ቢያኮርፍስ? ያኩርፍ። ኩርፊያ ያልፋል።

አሁን «ሄጄ ባዝንስ?» ወዳልሽው ልምጣ። እዚህ ላይ ላባብልሽ አልፈልግም። ልክ እንደ ካሴቱ አይሆንም። የሰው ድምፅ በዕድሜ ይከብዳል፤ ድሮ በቀላሉ የሚወጣው ከፍታ ላይ መድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ባንዱ ኪዩን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ፣ ያወርድለታል። መግቢያውን ስትሰሚ «ዘፈኑ ወፈረብኝ» ትያለሽ። አትደንግጪ። ሁለት ሦስት ስንኝ እስኪሄድ ነው፣ ጆሮሽ ይለምደዋል። ደግሞ ያንቺው ካሴት ድንጋይ በደከመ ቁጥር ስንት ኪይ ይወርድ ነበር? ያኔ መች ተውሻቸው!

በድራመሩ ቦታ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ምናልባት እነሱ ሲበተኑ ገና ያልተወለደ ልጅ። ልጁን በደንብ እዪው። የሟቹን አመታት አንድ በአንድ አጥንቶ ካልሆነ እነዚያ ሰዎች እዚያ ወንበር ላይ አያስቀምጡትም። የሟቹን ስም ሲያነሱ ታለቅሺያለሽ። አልቅሺ፤ ብቻሽን አትሆኝም።

የሙዚቀኞቹንም ጉጉት አስቢ። የዋልያስ ባንድን ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል የሚጫወቱት እነሱ ነበሩ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ያኔ የምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱ። ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ባንዱም ተበተነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከጊዜ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ግን ከመኪናው አይለዩትም ነበር። አየር ማረፊያው ላይ ተራ ሲጠብቁ ያወጡትና ይለማመዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠሩት ሙዚቃ በ2013 እንደገና ሲታተም የሚፈልጋቸው ሰው በዛ፣ ወደ መድረክ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ የታክሲ ተራ ነው። ሌላው ሾፌር ያንቀላፋል፣ እሳቸው ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ነው። ያንቺዎቹም በእነዚህ 24 ዓመታት እንዲህ የቆዩ ይኖሩባቸዋል። እነሱም ሰሞኑን የሚተኙ አይመስለኝም።

አንድ አደራ ልጨምርልሽ፤ ይህ የእኔው የቆየ ቁጭት ነው። በእኛ አገር የካሴቱ ልባስ ላይ ትልቁ ፎቶ የዘፋኙ ነው። የባንዱ ስም ከሥር በደቃቃ ፊደል ይጻፋል። ሮሃ ባንድን እዪ። መጀመሪያ አይቤክስ ይባሉ ነበር። ማሕሙድ አሕመድን ጨምሮ ስንቱን ዘፋኝ አጅበዋል። ዘፈኖቹን በቃሉ የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ አቁመሽ ጊታሩን ማን መታው ብትዪው ሰላም ስዩም ብሎ የሚመልስልሽ ስንቱ ነው? ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ብሎ የሚነግርሽስ? አንቺ ደግሞ ቤዙን በሆድሽ ያወቅሽ ሰው ነሽ። የባንዱ አባላት በየተራ ሲተዋወቁ የቤዝ ተጫዋቹ ስም ጋ ሲደርሱ ዝም እንዳትዪ። ጩኺለት።

ተማሪዎችሽ ቲክቶክ ላይ ያዩሻል። ይዩሽ። መምህርቱ ስትደሰት ያየ ተማሪ የሚጎዳው ነገር የለም።

የሰንበቴው ነገር ቀላል ነው፣ ግን ዛሬውኑ ጀምሪው። ሙሴውን አነጋግሪና ከቀጣዩ ተረኛ ጋር ተቀያየሪ። ተራ መለዋወጥ ያለ ነገር ነው። የምትቀይርሽን ሴት ግን አስቢላት፤ ጠላ በሁለት ቀን አይደርስም። ዘግይተሽ ከነገርሻት ለማኅበርተኛው የምታቀርበው ታጣለች፣ ቅያሜውም ላንቺ ይሆናል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሩቅ አይደለም፣ ግን ዘመኑ ዘመን ነውና የመንገዱን ሁኔታ ከሁለት ቀን በፊት ከሾፌሮቹ ጠይቂ። ትንሽ እንኳ ካጠራጠረሽ ዓርብ ጠዋት ግቢ። ካላጠራጠረሽ ቅዳሜ በማለዳ ተሳፈሪ። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን አልፈሽ ላምበረት ስትወርጂ ገና ረፋድ ይሆናል። በዚያ መንገድ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተሽ ዘፈኑን አትስሚ። ጆሮሽን አስርቢው። ለማታው ይናፍቅ።

ማታውን መመለስ የሚባል ነገር አታስቢ። አክስትሽ ጋ እደሪ። ቆሎ ይዘሽላቸው ሂጂ፣ ደህና ሆነው ሳሉ ጠይቂያቸው። ዓመት ሙሉ ሳታዪአቸው ቆይተሽ ይሆናል።

ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ቢባልም ዋናው ባንድ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ቢወጣ አይግረምሽ። እራትሽን በልተሽ ግቢ። ጫማሽ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ለብዙ ሰዓት መቆም አለ። «እኔ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመድኩ» ብለሽ ሳትደርቢ አትውጪ፣ በላብ ረጥበሽ ሌሊት ደጅ ስትወጪ አዲስ አበባም ይበርዳል። ስፒከር ሥር አትቁሚ። ፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ይሸጣል፤ ጥጥ መወተፍ ብዙም አይከላከልም። መሐል አካባቢ፣ ድምፅ ከሚያስተካክሉት ልጆች ፊት ለፊት ቦታ ከያዝሽ ሙዚቃው ከሁሉ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ነው።

ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። አንድ ዘፈን ብቻ ቅጂ፣ ቶና ላይ ለባለቤትሽ ያሰማሽውን። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ያንቺ ጩኸት ቢገባበት ግድ የለም። እሑድ ቤት ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ አሳዪው።

ሰኞ ድምፅሽ ተዘግቶ ክፍል ትገቢያለሽ። የዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ ያዥ። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?» ሲሉሽ፣ ጠመኔውን አስቀምጪና ንገሪያቸው።